ሱብሒ፣ ሐምሌና የጣና ዳር ሩጫችን



ሰኔ ሲገባ በጣና ዳር የሚሮጠው ሰው መሳሳት ይጀምራል። በበጋ ጠዋት የሐይቁ ዳር መንገድ ማለፊያ የለውም። የዩኒቨርሲቲ ተማሪው፣ የባንክ ሠራተኛው፣ ሐኪም «ስኳርህ ከፍ ብሏል» ያለው አባወራ፣ ክለብ እገባለሁ ብሎ የሚያልመው ጎረምሳ ሁሉም እዚያ ነው። ሐምሌ ላይ ግን መንገዱ ለዝናቡ ይለቀቃል። ከሚቀሩት ጥቂቶች መካከል ከሹም አቦ የምንነሳው እኛ አለንበት። ሱብሒ ሰግደን፣ የጠዋት ዚክራችንን ብለን፣ ጀለቢያችንን አጣጥፈን መስጂድ ትተን ወደ ሐይቁ እንወርዳለን። ሰባት ስምንት እንሆናለን፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አንዳንዴ አሥራ ሁለት እንሞላለን። ደረሶች አሉን፣ አንድ የባጃጅ ሹፌር አለን፣ ሁለት የሱቅ ልጆች አሉን፣ ዓሣ የሚያጠምድ አንድ ልጅም አለን። ስለ እሱ ወደ ታች እንመጣበታለን።

ይህን እንድንጽፍ ያደረገን ከጀመዓችን አባቶች አንዱ የሆኑ ሐጂ ያነሱት ጥያቄ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ሲዘንብ ያደረበት ቀን ነበር፤ ሱብሒ ላይ የቆመው ሰው አንድ ሰፍ ተኩል ቢሆን ነው። ስንወጣ የጫማችንን ክር ስናስር አዩንና «እናንተ ልጆች፣ ዝናብ ከጀመዓ ለመቅረት ዑዝር ነው ብላችሁ ታስተምሩናላችሁ። ለሶላት ዑዝር የሆነው ዝናብ ለሩጫ ዑዝር የማይሆነው ለምንድን ነው?» አሉን። ፈገግ ብለው ነው ያሉት፤ ጥያቄው ግን በፈገግታ የሚታለፍ ሆኖ አላገኘነውም።

ዑዝሩ እውነት ነው። በብርዳማ፣ በዝናባማና በነፋሻማ ሌሊት ሙአዚኑ ሰዎች በየማረፊያቸው እንዲሰግዱ እንዲያውጅ ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ያዝዙ እንደነበር ኢብኑ ዑመር አስተላልፈዋል፤ ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበውታል። ኢብኑ ዐባስም በአንድ ዝናባማ ቀን ሙአዚናቸውን እንዲሁ አስደርገዋል፤ ምክንያታቸውም ሰው በጭቃ እየተንሸራተተ እንዲመጣ አለመፈለጋቸው ነው። ይህ እዝነት ነው። እዝነት ደግሞ ለተቸገረ ሰው የተሰጠ ነው፤ ለሽማግሌው፣ ለታመመው፣ ጎርፍ መንገዱን ለዘጋበት፣ ልብሱ ርሶ ለሚንቀጠቀጠው። በዝናብ አሳቦ ከሱብሒ ቀርቶ ከግማሽ ሰዓት በኋላ በዚያው ዝናብ አንድ ሰዓት የሚሮጥ ጎልማሳ ዑዝሩን በገዛ እግሩ አፈረሰው። ስለዚህ የሐጂ ጥያቄ እኛን ሳይሆን እነሱን ነው የሚይዘው ብለን እናምናለን። በዝናብ ቀን መገናኛችን የመስጂዱ በር ነው፤ ሐይቁ ዳር ለማንም ቀጠሮ አንሰጥም። መንገድ ላይ የተቀላቀለንን «ሰግደሃል ወይ?» ብለን አናፋጥጥም፣ የሰው ኒያ ዘበኞች አይደለንም። ቀጠሮው ግን ከሰፍ በኋላ ነው።

ይህን ስንነግራቸው ሐጂ «እንግዲያው ለቀሩት ንገሯቸው» አሉን። ይኸው እየነገርን ነው።

የጥያቄው ሌላ ግማሽ ግን ይቀራል። ሩጫው ራሱ ምን ያህል ይመዝናል? ብርቱ ሙእሚን ከደካማው ይበልጥ አላህ ዘንድ የተወደደ እንደሆነ፣ በሁለቱም ውስጥ ግን ኸይር እንዳለ የሚናገረውን ሐዲሥ በየጂሙ ግድግዳ ላይ ተለጥፎ እናየዋለን። ኢማሙ ነወዊ ይህን ብርታት የተረጎሙት ለአኺራ ሥራ ባለ የነፍስ ቁርጠኝነት ነው። ጡንቻ ከዚያ በኋላ ይመጣል፤ ለዚያ ቁርጠኝነት ካገለገለ። እኛ ሩጫን ኢባዳ ነው አንልም። የተፈቀደ ነገር ነው፤ ኒያ ካማረ አጅር ይገኝበታል፣ ኒያ ከተበላሸ ደግሞ በስልክ ለሚነሳ ፎቶ የተደረገ ልፋት ሆኖ ይቀራል። ከመካከላችን ስኳሩን ለማውረድ የሚሮጥ አለ፣ ሲጋራ ለማቆም የሚሮጥ አለ፣ ጫት ቤት ከመቀመጥ ለመሸሽ የሚሮጥ አለ። እነዚህ በክረምት ሁለት ወር ከተቀመጡ የለቀቁት ነገር ተመልሶ ይይዛቸዋል። በሐምሌ የማናቆምበት ዋናው ምክንያት ይህ ነው። ስኳርና ጫት ዝናብ ያባራል ብለው አይጠብቁም።

አንድ ቦታ ግን አንሮጥም። ኢቃማ ሲባል ወደ ሶላት እየሮጥን እንዳንመጣ፣ በእርጋታ ተራምደን መጥተን ያገኘነውን እንድንሰግድ፣ ያመለጠንን እንድንሞላ ታዘናል። ለሯጭ ይህ ከሁሉ የሚከብድ ልምምድ ነው። በተለይ ደረሶቹ ኢማሙ ሩኩዕ ሲያደርጉ ከሰሙ እግራቸውን መያዝ አይችሉም። በክረምት የመስጂዱ መግቢያ ሴራሚክ እርጥብ ስለሆነ ሱናውን ያላስተማራቸውን መውደቅ ያስተምራቸዋል።

አሁን ወደ ዝናቡ እንምጣ። የከተማችን ስም ራሱ የባሕር ዳርቻ ማለት ነው፤ ሐይቁን ባሕር ብለው የጠሩት አባቶች የተሳሳቱ አይመስለንም። ጣና ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ስፋት አለው፤ ነፋስ ሲነሳ ማዕበሉ ጀልባ ይመልሳል። ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነን። አዲስ አበባ ከእኛ 500 ሜትር ያህል ትበልጣለች፣ ሱሉልታ ደግሞ ከእሷም በላይ ነው። ስለዚህ የእኛ ክረምት እንደ እንጦጦ ጠዋት አጥንት ድረስ አይገባም። ችግራችን ውኃው ነው። በዓመት ከሚወርደው 1,400 ሚሊ ሜትር አካባቢ ዝናብ አብዛኛው ከሰኔ እስከ መስከረም ባሉት ወራት ይወርዳል፤ ያውም ሐይቁ ዳር ሌሊት ሌሊት ይበረታል። ምክንያቱ የሐይቁ ጠባይ ነው። ሌሊት የብሱ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ውኃው ግን የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል። ነፋሱ ከየብስ ወደ ውኃው ሲያዘነብል ሐይቁ ላይ ያለው ሞቃት እርጥብ አየር ወደ ላይ ይነሳና ደመና ይሆናል። ተራሮቹ ላይ ግን ዶፉ ከሰዓት በኋላ ነው። ሱብሒ ላይ እኛ የምናገኘው ብዙውን ጊዜ የሌሊቱን ዝናብ ጭራ ነው፤ አንዳንዴ ካፊያ፣ አንዳንዴ ጉም፣ አንዳንዴ ደግሞ ገና ያልበቃው ዶፍ።

ሐይቁ በዚህ ወቅት ሰማያዊ አይደለም። ግልገል ዓባይ፣ ርብ፣ ጉማራና መገጭ የየአገሩን አፈር ይዘው ስለሚገቡ እንደ ሻይ በወተት ይደፈርሳል። ይህን እያየ የሚሮጥ የገበሬ ልጅ ዝም ይላል፤ የአባቱ ማሳ እየሄደ ነው። ከእኛ አንዱ የደራ ልጅ ነው፣ በቅዳሜው ረጅም ሩጫ መጀመሪያ ዝም የሚለው እሱ ነው።

የምንሮጥበትን መንገድ ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ከሰፈር ወርደን ሐይቁን ይዘን፣ በዘንባባዎቹ ሥር አልፈን፣ ወደ ዓባይ ድልድይ እንሄዳለን። ግንቦት 2016 የተመረቀው አዲሱ ድልድይ 380 ሜትር ርዝመት አለው፤ አራት ደርሶ መልስ 3 ኪሎ ሜትር ማለት ነው። ነፋስ ባለበት ቀን ሲሄዱ ደረትን የሚገፋው ነፋስ ሲመለሱ ከኋላ ስለሚገፋ ለልምምድ ይመቻል። ነፋስን አንሰድብም፣ መስደቡም ተከልክሏል፤ ከኸይሩ እንጠይቃለን፣ ከሸሩ በአላህ እንጠበቃለን። ዝናብ ሲጀምር ደግሞ ጠቃሚ ዝናብ እንዲያደርገው ዱዓ እናደርጋለን። ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ዝናብ ሲወርድ ልብሳቸውን ገለጥ አድርገው ገላቸውን ዝናቡ እንዲነካው ያደርጉ እንደነበር፣ ምክንያቱንም ሲጠየቁ ከጌታው ዘንድ ገና አሁን የመጣ ነው እንዳሉ አነስ ያስተላለፉትን ሙስሊም ዘግበውታል። ይህን ሐዲሥ በደርስ ላይ ብዙ ጊዜ ሰምተነዋል። የገባን ግን ድልድዩ ላይ የመጀመሪያው ጠብታ ግንባራችን ላይ ሲያርፍ ነው።

ወደ ዓባይ መውጫ የሚሮጥ ሰው አንድ ነገር ይወቅ። እዚያ አካባቢ ጉማሬ አለ። ሌሊት ሣር ሊግጥ ወደ የብስ ይወጣል፣ ጎህ ሲቀድ ይመለሳል። ክፉው ቦታ በእሱና በውኃው መካከል ነው። ስለዚህ በደንብ ሳይነጋ ወደ ቄጠማው አንጠጋም። የጎርፍ ቱቦዎችም አሉ። ክዳናቸው የተነሳ ቱቦዎች በጎርፍ ሲሸፈኑ መንገድ ይመስላሉ። ውኃ የተኛበትን ቦታ ታችውን ካላወቅን እንዞረዋለን እንጂ አንዘለውም።

ጭቃውን በተመለከተ ከደረሶቹ ብዙ ጥያቄ ይመጣልና ትንሽ እንበል። የመንገድ ጭቃ ልብስህን ቢነካው ሶላትህ ምን ይሆናል? ነጃሳ መኖሩ በእርግጠኝነት ካልታወቀ መሠረቱ ንጹሕ ነው፤ ጥርጣሬ እርግጠኝነትን አያነሳም። ነጃሳ እንዳለበት ቢታወቅ እንኳ፣ በሻፊዒያ መዝሀብ ኢማሙ ነወዊ በሚንሃጅ እንዳሰፈሩት፣ አብዛኛውን ጊዜ ሊጠነቀቁት የሚያስቸግረው መጠን ይቅር ይባላል። ይህም እንደ ወቅቱና እንደ ቦታው ይለያያል። የኪታቡ ሸርሖች ሲያብራሩት ክረምት ከበጋ፣ የልብስ ጫፍ ከእጅጌ ይለያል ይላሉ። በክረምት ቁርጭምጭሚት አካባቢ የሚረጨው ሌላ ነው፣ በበጋ ትከሻ ላይ የተገኘ ሌላ ነው። ይህን መስአላ በቀራንበት ጊዜ ፉቀሃዎቹ የት አገር ሆነው እንዲህ ደቀቅ አድርገው አሰቡት ብለን ተገርመን ነበር። ለማንኛውም እኛ ጀለቢያችንን መስጂድ የምናቆየው ለዚህ ነው። ሲመለስ ሁሉም እግሩን ታጥቦ ልብሱን ይቀይራል፣ ምንጣፉ የጀመዓው ነው። ሱሪያችን ከጉልበት በታች ይደርሳል፣ ዐውራ በዝናብ አይነሳም።

ይቅርታ የማናደርግለት መብረቅን ነው። ነጎድጓድ ባለበት አንወጣም፤ ወጥተን ካገኘንም እንመለሳለን። ራሳችንን ወደ ጥፋት እንዳንጥል ታዘናል። ብልጭታው ከታየ በኋላ ድምፁ እስኪሰማ ሰከንድ ቁጠሩ። ድምፅ አንድ ኪሎ ሜትር ለመሄድ ሦስት ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል፤ 30 ሰከንድ ሳይሞላ ከተሰማ መብረቁ 10 ኪሎ ሜትር ውስጥ ነው፣ ደርሶባችኋል ማለት ነው። የመጨረሻው ነጎድጓድ ከተሰማ ግማሽ ሰዓት እስኪያልፍ ደግሞ አትውጡ። ዋርካና ሾላ ሥር መጠለል ልማዳችን ነው፤ በሐይቁ ዳር የሚያምረው ጥላ እሱ ነውና። በመብረቅ ጊዜ ግን ከሁሉ የሚከፋው መጠለያ እሱ ነው። ሱቅ በረንዳ ሳይሆን ቤት ውስጥ ግቡ፣ ካልሆነ መኪና ውስጥ።

በዚህ ወር የአንድ ደረሳ እናት መጥተው «ኡስታዝ፣ ልጄን በዝናብ አስሩጣችሁ ብርድ መታብኝ» ብለው ወቀሱን። ልጁ ጉንፋን ይዞት ነበር። እናት ናቸውና ክርክር አልገጠምንም። ሲረጋጉ ግን ጉንፋኑ ከሰው ወደ ሰው የሚተላለፍ ቫይረስ እንደሆነ፣ አንድ ክፍል ውስጥ ሃያ ልጆች መስኮት ዘግተው መቀመጣቸው ከሩጫው ይልቅ ሊያመጣው እንደሚችል ነገርናቸው። እሳቸው ትክክል የሆኑበትም አለ። እርጥብ ልብስ ከደረቅ ልብስ እጅግ ፈጥኖ ሙቀት ይወስዳል፤ ሲሮጡ ሰውነት ያንን ይተካል፣ ቆመው ሲያወሩ ግን አይተካም። ችግሩ ከሩጫው በኋላ ያለው ወሬ ነው። አሁን ደረቅ ልብስ በፌስታል ቋጥሮ ያልመጣ ልጅ በዝናብ ቀን አይሮጥም። እናቱም ፎጣ ጨምረው ላኩለት።

ሌላ ልማድም አለ። ጭቃ የነካውን እግር ሐይቁ ዳር ገባ ብሎ መታጠብ። ይህን ተዉ። በጣና ዳርቻ ውኃ ውስጥ ቀንድ አውጣ የሚያራባው የቢልሃርዚያ ተውሳክ አለ፤ ጤነኛ ቆዳን በስቶ ነው የሚገባው፣ ቁስል አያስፈልገውም። እግራችሁን በቧንቧ ውኃ ታጠቡ።

ከዲናችን ታሪክ ስለ ሩጫ ሲነሳ ሁሉም የሚያውቀው ረሱል (ሰ.ዐ.ወ) ከእናታችን ዓኢሻ ጋር የተሽቀዳደሙትን ነው፤ መጀመሪያ እሷ ቀደመች፣ በኋላ እሳቸው ቀደሙና ይቺ በዚያችኛዋ ናት ብለው ቀለዱ። ከዚህ ያነሰ የሚነገረው የሰለማ ኢብኑል አክወዕ ነው፣ እኛ ግን እሱን አብልጠን እንወደዋለን። የረሱልን (ሰ.ዐ.ወ) ግመሎች የዘረፉትን ፈረሰኞች ብቻውን በእግሩ ተከታትሎ ያስጣለ፣ ከእግረኞች ሁሉ በላጭ የተባለ ሰሓባ ነው። ወደ መዲና ሲመለሱ ማንም ቀድሞት የማያውቅ አንድ አንሷሪ ሰው ሁሉን ለውድድር ሲጠራ ሰለማ ፈቃድ ጠይቆ ወረደ። ሙስሊም በዘገቡት ውስጥ ትንሽ ዝርዝር አለች፤ ሰለማ በመጀመሪያዎቹ አንድ ሁለት ከፍታዎች ላይ ትንፋሹን ለመቆጠብ ራሱን ያዘ፣ ከዚያ ለቀቀው፣ ደረሰበት፣ ቀደመው። ዛሬ አሠልጣኝ በሰዓት ይዞ የሚያስተምረው ይህንኑ ነው። በዝናብ ቀን የሚወድቀው ሁልጊዜ ገና ሲነሳ የሚፈተለከው ልጅ ነው።

ትንፋሽ መቆጠብ የአገራችንም ወግ ነው። መሐመድ ከድርን የሚያስታውስ ወጣት ጥቂት ነው። በ1980 እ.ኤ.አ. ሞስኮ ላይ ምሩፅ ይፍጠር በ10,000 ሜትር ወርቅ ሲያገኝ ነሐስ ያገኘው እሱ ነው። በዓመቱ ማድሪድ ላይ በተደረገው የዓለም አገር አቋራጭ ውድድር ኢትዮጵያውያኑ ዙር ተሳስተው፣ ገና አንድ ዙር ሲቀር የመጨረሻ ነው ብለው ፈተለኩ። ጉልበታቸውን ካፈሰሱ በኋላ እንደገና አንድ ሙሉ ዙር መሮጥ ነበረባቸው። መሐመድ ያም ሆኖ ሁለተኛ ወጣ፣ ቡድኑም አሸነፈ። በቀጣዩ ዓመት ሮም ላይ የዓለም ሻምፒዮን ሆነ። ሙክታር እድሪስ በ2017 ለንደን፣ በ2019 ዶሃ ላይ በ5,000 ሜትር ዓለምን ሁለት ጊዜ አሸነፈ። አዳማ ተወልዳ በ15 ዓመቷ በስደት ሆላንድ የገባችው ሲፋን ሐሰን ደግሞ በ2024 ፓሪስ ላይ ማራቶንን በ2 ሰዓት ከ22 ደቂቃ ከ55 ሰከንድ አሸንፋ ሜዳሊያውን ስትቀበል ሒጃብ ለብሳ ነበር። «እህቶችስ መሮጥ ይችላሉ ወይ?» ብላችሁ ለምትጠይቁን ዓኢሻን አንስተናል። ቦታውና አለባበሱ የተጠበቀ ይሁን፣ ስኳርና ደም ግፊት ሴት ወንድ አይለዩም። ሰፈራችን ውስጥ አራት እህቶች ከሱብሒ በኋላ አብረው በፍጥነት ይራመዳሉ፤ እኛ በሌላ አቅጣጫ እንሄድላቸዋለን።

ስለ ክፉ የአየር ጠባይ ከተነሳ በ2018 እ.ኤ.አ. የቦስተን ማራቶን ትዝ ይለናል። ዝናቡ ከነፋስ ጋር ፊት ለፊት ይመታ ነበር፣ ብርዱም ከባድ ነበር። ታላላቅ የሚባሉ ብዙ ሯጮች አቋርጠው ወጡ። ያሸነፈው በወቅቱ የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ ሆኖ በትርፍ ጊዜው ይሮጥ የነበረው ጃፓናዊው ዩኪ ካዋውቺ ነው፣ በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ58 ሰከንድ። ሰዓቱ ፈጣን አይደለም፤ በጥሩ ቀን እንደዚያ የሮጠ ሰው የሚያስታውሰው አይኖርም። የባጃጅ ሹፌራችን ይህን ታሪክ ከሰማ ወዲህ ሰውዬውን ወንድሜ ይለዋል፤ እሱም ከሥራ በፊት ነው የሚሮጠው።

ወደዚያ ልጅ እንምጣ። 17 ዓመቱ ነው። አባቱም አያቱም ከደንገል ታንኳ ሠርተው፣ ዓሣ አጥምደው የኖሩ የነገደ ወይጦ ሰዎች ናቸው። እነዚህ ወንድሞቻችን የጣና ዳር ሙስሊሞች ናቸው። ድሮ ጉማሬ አድነው ሥጋውን ይበሉ ስለነበር ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አብሯቸው ማዕድ አይቀርብም፣ አይጋባቸውም ነበር። የጉማሬን ሥጋ ብይን ለዑለሞች እንተወው። ሰውን መናቅ ግን ሐራም ስለመሆኑ ኺላፍ የለም። አደኑ ቀርቷል፣ ንቀቱ ግን ሙሉ በሙሉ ቀርቷል ብለን አንዋሽም። ልጁ መስጂዳችን መምጣት ሲጀምር ሰፍ ውስጥ ክፍት ቦታ እያለ ከኋላ በሩ አጠገብ ይቆም ነበር። ማንም ሂድ አላለውም። ማንም ና ብሎ ግን አልጠራውም ነበር። አንድ ቀን እኒያው ሐጂ ሰላም ከማለታቸው በፊት እጁን ይዘው ከጎናቸው አቆሙት፤ ከዚያ በኋላ እዚያ ነው የሚቆመው።

ሩጫ ላይ ደግሞ ከኋላ መቆም አይችልበትም። የመጀመሪያ ቀን በላስቲክ ኮንጎ ጫማ መጥቶ ሁላችንንም ጥሎን ሄደ። በጭቃ ላይ የሚሄድበት ሁኔታ የተለየ ነው፤ እግሩን አያነሳም፣ አይንሸራተትምም። ታንኳ ላይ ቆሞ ያደገ ሰው ሚዛኑን ከእኛ ሌላ ቦታ ሳያስቀምጠው አልቀረም። አሁን መስከረም ላይ ክለብ ሊሞክር ይፈልጋል። አባቱ ደግሞ ጎህ ሲቀድ መረብ የሚጎትትላቸው እሱ ነው። ክረምት አንዳንዱ የጣና ዓሣ እንቁላሉን ሊጥል ወደ ርብና ጉማራ ወንዞች የሚወጣበት፣ ሐይቁም የማያምንበት ወቅት ነው። አባቱ ሊያነጋግሩን መጡ። «ልጄን ቀማችሁኝ አልልም። ግን ሩጫ እንጀራ ይሆነዋል ብላችሁ ነው?» አሉን።

«አባቴ፣ ይሆነዋል አንልም» አልናቸው። ይህን ማለት ይከብዳል፣ ልጁም ጎናችን ቆሞ ነበር። ግን እውነቱ ይኸው ነው። በዚህ አገር በየጠዋቱ ከሚሮጡት ሺዎች መካከል በሩጫ የሚኖሩት በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። ለልጆች «ሩጥ፣ ሲፋንን ትሆናለህ» የሚሉ ሰዎች ውለታ እየዋሉ አይመስለንም፤ ሳይሞላ ሲቀር ልጁ ትምህርቱም መረቡም ከእጁ ወጥቶ ይገኛል። ልጁ ከሰባተኛ ክፍል አቋርጧል። የተስማማነው እንዲህ ነው፤ በሳምንት ሦስት ቀን ይሮጣል፣ በቀሩት ቀናት መረቡን ይጎትታል፣ መስከረም ላይ ክለብ ቢገባም ባይገባም የማታ ትምህርት ይመዘገባል። የምዝገባውን ወጪ ጀመዓው ይችላል። ቁርኣኑን ደግሞ ከደረሶቹ ጋር ጀምሯል፣ ጁዝእ ዐመ ላይ ነው። አባቱ እጃችንን ጨብጠው «ሦስት ቀን» ብለው ደግመው ሄዱ። ልጁ አራተኛ ቀን ሲጠይቀን የምንመልሰው ለአባቱ በገባነው ቃል ነው።

ሩጫችን ተቋርጦ ያውቃል። ነሐሴ 2015 የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁን ተከትሎ በከተማችን የሰዓት እላፊ ሲደነገግ እንኳን ሐይቁ ዳር ሱብሒ መስጂድ መድረስም ከባድ ነበር። ቀድሞ ቅዳሜ ቅዳሜ በዘጌ መንገድ ሄደን እየተመለስን 20 ኪሎ ሜትር እንሞላ ነበር። ዛሬ ከከተማው አንወጣም፣ ርቀቱን በዙር ነው የምንሞላው። አላህ ለአገራችን ሰላሙን ያምጣልን፤ ያን መንገድ ናፍቀነዋል። በነሐሴ ፍልሰታ ሲገባ ክርስቲያን ጎረቤቶቻችን በጠዋት ነጠላቸውን ተከናንበው ወደ ቤተክርስቲያን ሲሄዱ መንገድ ላይ እንገናኛለን። አንዲት እናት ሁልጊዜ ዣንጥላቸውን ከፍ አድርገው «አይዟችሁ፣ ደርሳችኋል» ይሉናል። ገና አምስት ኪሎ ሜትር እየቀረን ነው የሚሉት።

የዚህ ቅዳሜ ሩጫ እንደተለመደው ከሱብሒ በኋላ ነው፣ ነጎድጓድ ከሌለ። ጀማሪ ሁለት ዙር ብቻ ይሮጣል፤ የስኳርና የደም ግፊት መድኃኒት የሚወስድ ሰው አስቀድሞ ሐኪሙን ይጠይቅ፣ ስኳር ያለበት ደግሞ ኪሱ ውስጥ ከረሜላ ይያዝ። ልጁ አሁን የሚሮጥበት ከሰልባጅ የገዛንለት ጫማ ነው። በየቀኑ እየራሰ ማስቲሹ ለቋል፤ ጋዜጣ ጠቅጥቀን እናደርቀዋለን እንጂ እስከ መስከረም አይቆይም። ሶሉ ያልተላጠ 41 ቁጥር የሩጫ ጫማ የሚተርፈው ወንድም ካለ ለመስጂዱ ዘበኛ ይስጥልን። ስም መጻፍ አያስፈልግም።